ዳግማዊ ምኒልክና ባሕር ዛፍ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ያደረጉት ጦርነት፤ ያወጡት አዋጅና የሰጡት ሹመት ነው። የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ታሪክ እንዲሁ ነው። በትምህርት ቤታችን ውስጥ ስለ ዓድዋ ድል ያልሰማ፤ ባቡር፤ ስልክና ዘመናዊ ትምህርት ቤት በማን ዘመን እንደ ተጀመሩ የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። እኔ ግን በዚህ ዓመት በሥነ ሕይወት ትምህርታችን ስለ ሕያዋን ፍጥረቶችና ስለ አካባቢያቸው ከተማርን ወዲህ፤ የእኚህን ንጉሠ ነገሥት ሕይወት ከሌላ ወገን ለማየት ተመኘሁ። ይኸውም በዘመናቸው ከከብትና ከእንጨት፤ ከአፈርና ከውሃ ጋር ስለ ነበረው ብርቱ ጉዳይ ነው።

ሥነ ምኅዳር የሚባለው ዕውቀት ሕይወት ያላቸው ፍጥረቶች እርስ በርሳቸው፤ እንዲሁም ከሚኖሩበት አፈር፤ ውሃ፤ አየርና ሙቀት ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር ነው። ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ፤ እንስሳት ዕፅዋትን ወይም ሌሎች እንስሳትን ይበላሉ፤ የሞተውን ሁሉ ደግሞ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን እያፈረሱ ለአፈሩ ይመልሱለታል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲበጠስ፤ ወይም ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ቀለበት ሲገባበት፤ ሌሎቹ ሁሉ ይነቃነቃሉ። ይህ ነገር በመጽሐፍ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በአንድ ንጉሥ ዘመን ውስጥ ሲታይ ግን ክብደቱ ይታወቃል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፤ አንጎለላ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ፤ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባሉ ነበር። አንጎለላ ብርዱ የጸና፤ ሜዳው በሣር የተሸፈነ የደጋ አገር ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ግን በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፤ ከእርስዋ በታች መሬቱ ቁልቁል ወርዶ እስከ አፋር በረሃ ይዘልቃል። ከአንኮበር የሚነሣ መንገደኛ ገብስ ከሚበቅልበት ደጋ ተነሥቶ፤ ጤፍ የሚዘራበትን ወይና ደጋ አልፎ፤ ግመል ወደሚሰማራበት ቆላ በአጭር ጉዞ ይደርሳል። አባቶቻችን አገሩን ደጋ፤ ወይና ደጋና ቆላ ብለው ሲከፍሉ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው፤ ከፍታው ሙቀቱንና ዝናቡን ይወስናል፤ ሙቀቱና ዝናቡም የሚበቅለውንና የሚረባውን ይወስናሉ። ጽድና ዝግባ ዛሬም የሚገኙበት የወፍ ዋሻ ደን ከአንኮበር ሩቅ አይደለም። ልጁ ምኒልክ ዓይናቸውን የከፈቱት በእንዲህ ያለ አገር ነው።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊይዙ በዘመቱ ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ ልጃቸውም ተማርከው ወደ ቴዎድሮስ ዘንድ ተወሰዱ። ምርኮኛ ቢሆኑም በቤተ መንግሥት በክብር አደጉ፤ የመንግሥትን ሥርዓትና የጦርን ጥበብ ተማሩ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

በዚያን ዘመን የነገሥታት ከተማ እንደ ዛሬው በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚቀር አልነበረም። ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር በአንድ ስፍራ ይሰፍራል፤ በዚያ ዙሪያ ያለው ማገዶ፤ ሣርና እህል እየሳሳ ሲሄድ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። የተለቀቀውም መሬት በመጀመሪያ ሣርና አረም፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦ ያበቅላል፤ የሚነካው ካልመጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደን ይሆናል። ዛሬ በክፍል ውስጥ አንድ አካባቢ ሊሸከመው የሚችለው የሕያዋን ብዛት ወሰን አለው ተብሎ እንማራለን። የጥንት ነገሥታት ይህን ወሰን በቁጥር አላሰሉትም፤ ማገዶ ለቃሚውና የበቅሎ ጠባቂው ሲቸገሩ ግን ይገለጥላቸው ነበር።

ምኒልክም እንዲሁ ከአንኮበር ወደ ልቼ፤ በኋላም ወደ እንጦጦ ተዛወሩ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ስለ ሆነ ጠላትን ከሩቅ ለማየት የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ ያይላል፤ ለኑሮ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሽቅብ መሸከም ያስፈልጋል። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ያለውን ፍል ውሃ ወደዱት። ያን ስፍራ ነዋሪዎቹ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉት ነበር፤ ከብቶቻቸውንም በለምለሙ ሜዳ ያሰማሩበት ነበር። በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት ተሠራ፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ስለዚህ የዋና ከተማችን ልደት ራሱ የአካባቢን ጠባይ ከመምረጥ የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው ከብርድ ወደ ሙቀት፤ ከደረቅ ጫፍ ወደ ውሃ ወረደ።

ከተማዋ ገና ሳትጠና ግን ከባድ መከራ መጣ። በ1880 ዓ.ም. ግድም ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው የቀንድ ከብቶች ጋር ደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገባ። የእኛ አገር ከብቶች ይህን በሽታ የሚቋቋም ኃይል በደማቸው አልነበረምና እንደ ቅጠል ረገፉ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ከአገሪቱ ከብት መቶ ዘጠናው ያህል አለቀ። በሽታው በዚያ አልቆመም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ደቡቡ ጫፍ ደረሰ፤ የቤቱን ከብት ብቻ ሳይለይ ጎሽንና ሌሎችንም ሰኮና ያላቸውን አውሬዎች ፈጀ።

አሁን ሰንሰለቱን እንከተል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ማረሻ ሲቆም እህል ጠፋ፤ እህል ሲጠፋ ሰው ተራበ። ዝናብ አነሰ፤ በተዘራው ጥቂት እህል ላይ አንበጣ፤ አባ ጨጓሬና አይጥ ዘመቱበት። ያልታረሰው ማሳ ዳዋ ለበሰ። የሚታደነው እንስሳ ስላለቀ አንበሳ፤ ነብርና ጅብ ወደ ሰው ቀረቡ። በረኃብ የደከመውንም ሕዝብ ፈንጣጣና ሌላው ተላላፊ በሽታ አገኘው። ይህ ሁሉ የሆነው ለዓይን የማይታይ አንድ ረቂቅ ነገር በባሕር በር በመግባቱ ነው። ሕዝባችን ዘመኑን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። ከሕዝቡ ሲሶ የሚሆነው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህ መከራ መካከል ነው። ጎተራቸውን ለተራበው ከፈቱ። በሬ በሌለበት በዶማ መቆፈር ነውር አለመሆኑን ለማሳየትም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም የእርሳቸውን ምሳሌ እንዲከተሉ አደረጉ። በዚያ ዘመን በእጅ መሥራት እንደ ውርደት ይቆጠር ስለ ነበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ከታሪካቸው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው። አካባቢው ሲለወጥ ከልማድ ጋር መሟገት እንደማይጠቅም አውቀው፤ አሠራራቸውን ለመለወጥ አላፈሩም።

ደስታ በሽታን የሰው ልጅ ድል ለማድረግ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ከብዙ ክትባትና ከብዙ አገሮች ትብብር በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው።

ክፉው ቀን አልፎ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ አዲስ አበባ ፈጥና አደገች። የየመኳንንቱ ሠፈር ተስፋፋ፤ የውጭ አገር መንግሥታት ወኪሎች መጡ፤ ቤተ ክርስቲያን፤ ቤተ መንግሥትና የገበያ ቤት ተሠራ። ለዚህ ሁሉ ቋሚ፤ ማገርና ወራጅ ያስፈልጋል፤ ምጣድ የሚያሰማ፤ ድስት የሚያፈላ ማገዶም ያስፈልጋል። ነገሩን የሚያሟላው በዙሪያው ያለው የጽድ፤ የወይራና የኮሶ ደን ነበር። እነዚህ ዛፎች ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ አንድ ጽድ ለምሰሶ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ያህል ይጠበቃል። የሚቆረጠው በየቀኑ ሲሆን የሚተካው ግን በትውልድ ነው። ስለዚህ ደኑ ከከተማው እየራቀ ሄደ፤ የባቡር ሐዲዱ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበርና፤ እንጨት የሚመጣው በሰው ጫንቃና በአህያ ጀርባ ብቻ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፤ በደን አገር መካከል ያለች ከተማ እንጨት ቸገራት።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጀመሪያ ያሰቡት መፍትሔ የአባቶቻቸውን ነበር፤ ይኸውም ከተማውን ነቅሎ መሄድ። በ1893 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው፤ ደን በሞላበት ስፍራ አዲስ ዓለም የሚባል ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን አዲስ አበባ እንደ ድንኳን ከተማ ተጠቅልላ የምትነሣ አልሆነችም፤ ብዙ የድንጋይ ቤት ተሠርቶባታል፤ ነጋዴውና የውጭው መልእክተኛ ሥር ሰዶባታል። አዲስ ዓለም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠች፤ ዋና ከተማውም በቦታው ጸና። እንግዲህ ከተማው ወደ እንጨቱ ካልሄደ፤ እንጨቱ ወደ ከተማው መምጣት አለበት።

ያ እንጨት ባሕር ዛፍ ሆነ። ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፤ ዘሩን በማስመጣት ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በርካሽ ዋጋ ለሕዝቡ እንዲዳረስና ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ሕዝቡም ጥቅሙን ባየ ጊዜ ያለ ግዳጅ ተከለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀድሞ የተራቆተው የእንጦጦ ግርጌና የየሠፈሩ አጥር ግቢ አረንጓዴ ሆነ።

ይህ ዛፍ ለምን እንዲህ ተስማማው ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሥነ ምኅዳር ትምህርት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ የተገኘው አየሩ ቀዝቀዝ ካለው የአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅና ከታስማኒያ ደሴት ነው፤ የእኛም ደጋ ከዚያ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ፤ በአገሩ ቅጠሉን የሚበሉ እንስሳትና ብዙ ዓይነት ነፍሳት ነበሩበት፤ እዚህ ሲመጣ ግን ጠላቶቹን ከባሕር ማዶ ትቶ መጣ። የእኛ ፍየልና በሬ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ዘይት አይወዱትምና አይነኩትም፤ የጽድ ወይም የወይራ ችግኝ ግን በከብት እግርና ጥርስ ይጠፋል። ሦስተኛ፤ ከጉቶው ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል።

ነገር ግን ከሰንሰለቱ ውጭ የሚቆም ፍጥረት የለም። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድገው ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለበት ቦታ ሥሩ ውሃና ማዕድን ይሻማል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ዘይትና ሌላ ንጥረ ነገርም ከሥሩ ሣርና ሌላ ተክል በደንብ እንዳይበቅል ያደርጋል። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ደግሞ ወደ አፈር ተመልሶ የሚበሰብስ ነገር አይቀርም፤ የተገለጠውንም አፈር የክረምት ጎርፍ ይወስደዋል። ይህ ነገር በጊዜው ሳይስተዋል አልቀረም። በ1905 ዓ.ም. ግድም ወንዞችና ምንጮች እየደረቁ ነው ስለ ተባለ፤ ከባሕር ዛፉ ሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀልና በምትኩ ለሐር ትል ምግብ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ ግን በሚገባ አልተፈጸመም። ሕዝቡ የሚያነደውና ቤት የሚሠራበት ሌላ እንጨት ስላልነበረው፤ እንዲፈጸምም መጠበቅ አይቻልም ነበር።

ምኒልክ በዚያን ጊዜ በጽኑ ደዌ ተይዘው ነበር። ከዚያ በፊት በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ለእርሻ ጉዳይ አንድ ሚኒስትር መድበዋል፤ በስማቸው የሚጠራውም ትምህርት ቤት በእርሳቸው ዘመን ተከፍቷል። ጥንታዊው የመናገሻ ደን እንዲጠበቅ ማድረጋቸውም ከመልካም ሥራቸው ይቆጠራል። ከረዥም ሕመም በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ምኒልክ ባሕር ዛፍን በማስገባታቸው ጠቀሙን ወይስ ጎዱን? ይህ ጥያቄ በዚህ ዓመት በክፍላችን ለክርክር ቀርቦ ነበር። አንዱ ወገን ዛፉ ምንጭ አድራቂ፤ አፈር አራቋች ነው አለ። ሌላው ወገን እርሱ ባይኖር ኖሮ አዲስ አበባ ትፈርስ ነበር አለ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ተናግረዋል ብዬ አምናለሁ፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ዛፉን ብቻውን እንደ ቆመ አድርገው ተመለከቱት።

እኔ በበኩሌ አያቴን ጠየቅኋቸው። አያቴ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው። ምጣዱ የሚሰማው በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ነበር፤ ቤታቸው የቆመው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ነው፤ ልጅ ጉንፋን ሲይዘውም ቅጠሉን አፍልተው ያጥኑት ነበር። ያን ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶች ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ዛፉ ይነቀል ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በአያቴ ምጣድ ሥር ምን እንደሚነድ ሳይነግሩ መፍረድ ፍርድ አይባልም። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ እሳቱን የሚያነደው የቀረው ጽድና ወይራ ነበር፤ ወይም ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት ኩበት ነበር። ሰውም ከነምጣዱ የሥነ ምኅዳሩ አካል ነው።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ። እኛ የምንኖርበት ነፋስ ስልክ ላፍቶ ከእንጦጦ በስተ ደቡብ፤ ዝቅ ባለው የከተማው ክፍል ይገኛል። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው፤ ስሙ የዘመናዊ መሣሪያ ስም ነው። ሌሎቹ የአካባቢያችን ስሞች ግን ከዚያ የቆዩ ናቸው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው፤ መካኒሳ ደግሞ ብሳና ማለት ነው። የጥንት ነዋሪዎች ለአገሩ ስም ሲሰጡ በዚያ የቆመውን ዛፍ አይተው ነው። ግራር በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ጋር ተባብሮ፤ ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፤ ጥላው ስስ ስለ ሆነ ከሥሩ ሣር ይበቅላል። ብሳና ቅጠሉን እያረገፈ መሬቱን ያለማል፤ አበባው ለንብ ቀለብ ነው። ዛሬ ስማቸው በታክሲ ረዳት አፍ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠራል፤ ዛፎቹን ግን ፈልጎ ማግኘት ሥራ ሆኗል።

ትንሹ አቃቂ ወንዝም በመካኒሳና በላፍቶ በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል። ከላይ ያለው ከተማ የጣለው ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይመጣል። በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ውሃውን ጠልፈው አትክልታቸውን ያጠጡበታል፤ በተደረጉት ምርመራዎችም እንደ ክሮሚየም ያሉ ለጤና የሚያሰጉ ብረቶች በአትክልቱ ውስጥ ተገኝተዋል። ወንዙ የሰጡትን ይመልሳል፤ ወደ ውሃው የተጣለው ወደ አፈሩ፤ ከአፈሩ ወደ ጎመኑ፤ ከጎመኑም ወደ ማዕዳችን ይመጣል። በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ተንሰራፍቷል፤ ይኸው አረም ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ጣናን ማስጨነቁ ይታወቃል። ባሕር ዛፍ በታሰበበት ጉዳይ ገባ፤ እምቦጭ ግን ማንም ሳይጠቀምበት ገባ። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነው፤ እንግዳ ፍጥረት ከገባ በኋላ ተመለስ ቢሉት አይመለስም።

ውድ ጓደኞቼ፤ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፤ ከምኒልክ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ምኒልክ የዘመናቸውን ችግር አይተው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በሬ ሲጠፋ ዶማ አነሡ፤ እንጨት ሲጠፋ ዛፍ አስተከሉ። በዘመናቸው የነበረው ዕውቀት የሚፈቅደውን ሁሉ ሠሩ። ዛፉ ውሃ መሻማቱና ሣሩን ማሳሳቱ በኋላ የታወቀ ነገር ነው። እኛ ግን ዕውቀቱ አለን፤ ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው ከእርሳቸው ይበልጣል።

በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ከመትከላችን በፊት ጥቂት ነገር ብንጠይቅ ምን ይጎዳናል? ይህ ዛፍ የየት አገር ነው? ምን ያህል ውሃ ይጠጣል? ከሥሩ ምን ይበቅላል? ማን ይበላዋል፤ ማንስ ይጠለልበታል? ከክረምት በኋላ ማን ውሃ ያጠጣዋል? አጠናና ማገዶ ለሚፈልግ ገበሬ ባሕር ዛፍ ከእርሻና ከምንጭ ርቆ፤ በማይታረስ ቦታ ቢተከል ጥቅሙ አይካድም። በትንሹ አቃቂ ዳርቻ፤ በትምህርት ቤት ግቢና በቤታችን ጥግ ግን ግራሩ፤ ብሳናው፤ ወይራውና ጽዱ ይመለሱ። በእንጦጦ ተራራ ላይም ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ የመተካቱ ሥራ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

ወላጆቻችንም አንድ ነገር እንዲረዱልን እለምናለሁ። ጽድ ለመትከል ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የተከለው ሰው ምሰሶውን አያይም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ማስተከላቸው ይነገራል፤ ያ ደን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ለሰበታና ለአካባቢው አየርና ውሃ ይሰጣል። ምኒልክ ያስተከሉት ባሕር ዛፍ ለልጆቻቸው ዘመን የደረሰ ነበር፤ ዘርዐ ያዕቆብ ያስተከሉት ጽድ ግን ስማቸውን እንኳ ለማያውቁ ሰዎች ደረሰ። እኛም በዚህ ክረምት በላፍቶ አንድ ላፍቶ፤ በመካኒሳ አንድ መካኒሳ ብንተክል፤ ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆች የሠፈራቸውን ስም ትርጉም ለማወቅ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ይበቃቸዋል።

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ